የተመካከሩበት ጉድለት

አስካለን በሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል ከአንሶላው ክምር ይልቅ ያደከማት ግምገማ የሚሉት ነገር ነው። ቃሉን ካድሬዎቹ ሲያመጡት ሥራን መመዘኛ ነው ተብሎ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ተገመገመ የተባለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አየችና፣ ሚዛን ይሁን ዱላ መለየት አቃታት።

እንደ ሌላው ሠራተኛ እሷም መላ ነበራት። ከጓደኛዋ ከጠጅቱ ጋር ቀደም ብለው ይመካከራሉ። አንዷ ተነሥታ "አስካለ በስብሰባ አትናገርም" ትላለች፤ ሌላዋ "ጠጅቱ አልፎ አልፎ ታረፍዳለች" ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም "ሂሱን እቀበላለሁ" ብለው ይቀመጣሉ። የባሰ የሚናገር እንዳይነሣ ነው።

አንድ ቀን ግን ግምገማው ላይ ጠጅቱ የተመካከሩትን ተወችው።

"አስካለ ለሁሉም እሺ ባይ ናት። ይኸን ሁሉ ዘመን ጓደኛዬ ሆና አንድ ቀን እንኳ አጥፍተሻል ብላኝ አታውቅም። ትውደደኝ ትፍራኝ አላውቅም።"

አስካለ ክው አለች። ቀልድ ነው? ቂም ነው? የጠጅቱን ፊት ብታየው ምንም አይነበብበትም። ከጠጅቱ ሌላ ደግሞ ማን አላት? እውነቱን ብትናገር ልታጣት ነው፤ "ታረፍዳለች" ብትል ደግሞ የተባለችውን መሆኗ ነው።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ተራዎ ነው፤ በጠጅቱ ላይ ያለዎትን ሂስ ያቅርቡ" አሉ ሰብሳቢው።

"ጠጅቱ..." አለች አስካለ ተነሥታ። "ልጅሽን በሰው ፊት ፉንጋ ትያታለሽ። ለሳቅ ብለሽ ነው፤ እኛም እንስቃለን። ቤዛ ግን እሑድ እሑድ እኔ ቤት መጥታ ታለቅሳለች።"

"ይኼ የሥራ ጉዳይ አይደለም" አሉ ሰብሳቢው።

ጠጅቱ አልሰማቻቸውም። "ደግሞ ቤቴ ድረስ ገባሽ?" ብላ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ሳምንቱን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው ሲያጥቡ ጠጅቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችላትም። ንገሪኝ ያለችው ራሷ አይደለችም እንዴ? ታዲያ ሲነግሯት ምን ሆነች? አስካለ መጀመሪያ በገዛ አፏ ተናደደች፤ ኋላ ደግሞ በጠጅቱ ተናደደች።

እሑድ በሩ ተንኳኳ። ቤዛ ናት ብላ ስትከፍት ጠጅቱ ሆና አገኘቻት።

"የት ነው የምትቀመጠው?" አለች ጠጅቱ ሳትጋበዝ ገብታ።

"ማን?"

"ልጄ ናታ!"

አስካለ ከአልጋው አጠገብ ያለውን በርጩማ አሳየቻት። ጠጅቱ ሄዳ ተቀመጠችበት።

"ምን ብለሽ ነው የምታባብያት?"

"እናትሽ ቀልድ ትወዳለች እላታለሁ።"

"ውሸታም" አለቻትና ማልቀስ ጀመረች።

አስካለ ትቀፋት ወይ ትተዋት ግራ ገብቷት፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ቆማ ቀረች።