ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ቤንዚን

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ጀነሬተሩን ተሸክመን ኮረብታው ላይ ወዳለው ዋሻ እንድንወጣ ተባልን፤ ዋሻው የቁስለኞች ማከሚያ ሊሆን ነው። አራት ነበርን፤ ሥራችን መብራት ማብራት ብቻ ነው። ከእኔ የጀግንነት ወሬ የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ይቅርታ።

ዛሬ መቐለ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ትንንሽ ጀነሬተሮች እጠግናለሁ። ባለሱቆች ይመጡና «ኣያ፣ የቱ ቤንዚን ይሻላል? ምንስ ልጨምርበት?» ይሉኛል። አጭሩን መልስ እዚያው እነግራቸዋለሁ። ረጅሙ ይኸው።

ዋሻው በቀትርም ጨለማ ነው። ዶክተሩ ሲቀድ ደሙን የምትስበው መምጠጫም የምትሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ነዳጃችን ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እሞክረዋለሁ፤ ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ይተናል፣ ይኼኛው ቅባት ይተዋል። ሞተሩ እየሳለም እያጨሰም ይሠራበታል። ሌላው ግማሽ ጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን ነው። የቡድናችን ቀልደኛ ካሕሳይ ከሜዳው ጀምሮ በጀርባው አዝሎ አወጣው።

«ይሄንን የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ! ለክፉ ቀን ነው» አለ።

ሁላችንም ተስማማን። አንድ ሾፌር ቤንዚን እንዳያረጅ የሚጨመር ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ ሰጥቶኝ ነበር። እሱንም አብሬ ቆጠብኩት። ወታደር አዲስ ካልሲ ቢያገኝ እንኳ ቦርሳው ውስጥ ደብቆ በቀዳዳው ይዘምታል።

አምስት ወር አለፈ። ካሕሳይ ወደ ምሽግ ተዛወረ። ጀሪካኑ ግማሽ ድረስ ብቻ ተሞልቶ ዋሻው አፍ ላይ ፀሐይ እየመታው ቆየ።

አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከባድ መሣሪያ ምሽጉን መታው። ስድስት ቁስለኞች መጡልን። አንዱ ካሕሳይ ነበር፤ ሆዱን ተመትቷል።

ክፉው ቀን ዛሬ ነው አልን። ቅይጡን አውጥተን ንጹሑን ሞላን። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሠራ። ዶክተሩ የካሕሳይን ሆድ ከፍቶ ሳለ ቀጥ አለ።

«መብራት!»

ገመዱን ሳብኩ። እንደገና ሳብኩ። ጠርሙሷ ትዝ አለችኝና ሙሉውን ጨመርኩ። ምንም የለም። ነርሷ ሲስተር ኣበባ የእጅ ባትሪ ያዘች፤ መምጠጫዋ ግን ቆማለች።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ቶሎ በል! ደሙ አላሳይ አለን» አለችኝ።

ካርቡራቶሩን ፈታሁ። ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ሙጫ በመሰለ ነገር ተደፍኗል። በቀጭን ሽቦ ወጋሁት፣ በአፌ ነፋሁት፣ ያንን የናቅነውን ቅይጥ መልሼ ሞላሁ። አስነጠሰ፣ አጨሰ፣ ተነሣ። መብራቱ ከጠፋ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሕሳይ አረፈ።

በማግስቱ ከጀሪካኑ ትንሽ ነጭ ሳሕን ላይ አፈሰስኩ። ማወቅ ነበረብኝ። ቀለሙ ሻይ መስሏል፤ ሽታው የቤንዚን ሳይሆን የቀለም ቅብ ነው። ማንም አልበረዘውም። ሰነባብቶ አንድ ሽማግሌ መካኒክ እንዳስረዳኝ፣ ጎዶሎ ጀሪካን ውስጥ አየርና ሙቀት ያገኘ ቤንዚን በጥቂት ወር ውስጥ ሙጫ ያወጣል። ጠርሙሷም የምትጠቅመው ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቀን ብትጨመር ነበር። አንዴ የተበላሸውን የሚያድስ ጠብታ የለም።

ስለዚህ ለባለሱቆቹ፣ ንጹሑን፣ ጥቂት ጥቂት ግዙ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሳይቆይ አቃጥሉት እላለሁ። የሚጨመር ካለም በገዛችሁበት ቀን ጨምሩት።

ከስድስቱ ሁለቱ ሞቱ፣ አራቱ ተረፉ። ሁለቱን ከኮረብታው ሥር ቀበርናቸው። ካሕሳይ መብራቱ ባይጠፋ ይተርፍ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ጥዬው አላውቅም፤ መልሱን ደግሞ እፈራዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ሲስተር ኣበባን ገበያ ውስጥ አገኘኋት። እጄን ይዛ ቆመች። ከዶክተሩ ሌላ መልሱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ ግን ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት።