«ዳዲ ፓስድ»

ሲቀላ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በቀደም በእረፍት ሰዓት፣ ምዕራብ ዓባያ ያለችው የአጎቴ ልጅ በእንግሊዝኛ መልእክት ላከችልኝ፦ «ዳዲ ፓስድ» ይላል።

አጎቴ ታሞ ነበር የሰነበተው። ብደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። መልእክቱን አጠገቤ ለተቀመጠው መምህር አሳየሁት።

«አለፈ ማለት ነዋ!» አለኝ።

«እሱማ ገብቶኛል፤ ግን እንዴት ነው ያለፈው?»

ኳስ ማቀበልም ፓስ ነው፣ ፈተና ማለፍም ፓስ ነው፣ መሞትም ፓስ ነው። ወደ አማርኛ ብመልሰውም «አለፈ» ያው ግራ ያጋባል። አጎቴ ደግሞ ኳስ አይጫወት፣ ተማሪ አይደለ! ነጠላዬን ዘቅዝቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ምዕራብ ዓባያ እንደወረድኩ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ገባሁና የአጎቴን ስም ጠርቼ «ለቅሶ ቤቱ አድርሰኝ» አልኩት።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ዞረ። አጎቴ ነው!

«እንዴ ልጄ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አለፍኩ እንጂ ሞተ ብሎ ማን ነገረሽ?»