ቤት በችርቻሮ

የዚያን ቀን ዝናቡ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ሲያወርደው ዋለ። የሚሊኒየሙ ድግስ ካለፈ በኋላ የመጣው ክረምት ነው፤ ጤፍ ዋጋውን መጠየቅ እንኳ የሚያስፈራበት። በርበሬ በረንዳ ላይ ነጋዴው ሁሉ ጆንያውን በሸራ ሸፍኖ ቆሟል። በርበሬ ውሃ ከነካው ይሻግታልና በዝናብ ማንም አይፈታውም። ጆንያ ካልተፈታ ደግሞ ለአልጋነሽ ሥራ የለም። እሷ የምትኖረው ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰች፣ ማታ ላይ ተመዝኖ በሚከፈላት ነው።

ባዶ እጇን አማኑኤል ሰፈር ወዳለው የኪራይ ክፍሏ ተመለሰች። አልጋዋ ሥር ከምናለሽ ተራ የገዛቻቸው ሦስት የወተት ጣሳዎች አሉ፤ የኪራይ፣ የእህል፣ የልጇ የፀደንያ ትምህርት ቤት። ከጣሳዎቹ በፊት ደብተር ሞክራ ነበር። አንዲት ሴትዮ በሬዲዮ የወር ገቢን ከፋፍሎ ስለመጻፍ ስታወራ ሰምታ ነው። ግን ምን ትጽፋለች? የወር ገቢ የላትም፤ ያላት የዕለት ነው።

ጣሳዎቹ ክረምቱ እስኪገባ ደኅና ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን ዝናብ በዋለ ቁጥር ከኪራዩ ጣሳ አውጥታ እህል ትገዛለች። «ነገ እመልሳለሁ» ትላለች። ነገም ይዘንባል። የኪራዩ ቀን ደርሷል። ጣሳውን አንስታ ብትነቀንቀው ሁለት ሳንቲሞች ተንኮሻኮሹ። መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ አብራት የምትቀነጥሰው ሰአዳ ነገሩን ሰምታ ሳቀች። «አራጣ አበዳሪ ሆነሽ ቀረሽ በይኛ! ያውም ለራስሽ። ዕቁብ ግቢ ብዬሽ አልነበር?»

«የዕቁብ ሰብሳቢው በዝናብም ጃንጥላውን ዘርግቶ ይመጣል። እኔ ምን ይዤ ልጠብቀው?»

«እንግዲያ ብርሽን ቤትሽ አታሳድሪ። ሚዛን ላይ እንደተቀበልሽ፣ መንገድ ላይ እያለሽ ለአከራይሽ ስጪው። የዕለቱን በዕለቱ።»

ይህ ነገር ከአልጋነሽ ልብ ገባ። ከደብተሩም ከጣሳውም ይልቅ የሷን ኑሮ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ እየቀነጠሰች የምትለውን ስታሰናዳ ዋለች።

ማታ ስትመለስ አከራይዋ ጋሽ ፈለቀ በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ኪራዩን በየማታው ልስጥዎት። ሥራ ባለ ቀን ጨመር አድርጌ፣ በሌለ ቀን…»

«በሌለ ቀን ዝናቡን ትሰጪኛለሽ?»

«ጋሼ፣ በእመቤቴ…»

«አንቺ ልጅ፣ ስኳር መሰለሽ እንዴ? ቤት በችርቻሮ አይከራይም። ወይ ወሩን ሙሉ፣ ወይ ቁልፉን።»

«ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ልጄን ይዤ የት ልግባ?»

«እኔም የምከፍለው አለብኝ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይለመናል።

ቁልፉን ሰጠች። በዚያው ሳምንት ሰአዳ ከአብነት ሰፈር ጀርባ ሐጀራ የምትባል ሴት ቤት ወሰደቻት። ከጣሪያው ሥር ሳንቃ ተረብርቦ ቆጥ ተሠርቷል፤ በመሰላል ይወጣል። ውስጡ ቀና ብሎ መቆም አይቻልም።

«እዚህ ሁሉም የሚከፍለው በየማታው ነው» አለች ሐጀራ።

«ዝናብ የዋለ ዕለትስ?»

«ለነገ ደርበሽ ታመጪያለሽ። ከነገ ካለፈ ግን መሰላሉን አነሳዋለሁ።»

አልጋነሽ የየማታውን ክፍያ በልቧ ደመረችው። ለወር ሲሆን ከለቀቀችው ክፍል ይበልጣል። የሚሆናትን ዘዴ አገኘችው፤ የተገኘው ግን ቀና ተብሎ በማይቆምበት ቆጥ ላይ ነው። ጣሳዎቿን በፌስታል ይዛ፣ ልጇን አስቀድማ መሰላሉን ወጣች።

ዓመታት አልፈው፣ አሁን ፀደንያ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። አንደኛው ጣሳ ጣሪያው የሚያፈስበት ሥር ተቀምጧል። አልጋነሽ ዛሬም በርበሬ በረንዳ ትቀነጥሳለች፤ የምታድረው ሐጀራ ቆጥ ላይ ነው፤ የምትከፍለውም በየማታው ነው።