ከጣሪያዬ በላይ የሚመታው

የምወደው ባንድ አዲስ አልበም ያወጣ ሰሞን ነው። ባንዱ የእንግሊዞች ነው፤ ሶል፣ ጃዝና ፋንክ ይጫወታል። ጓደኞቼ "የድሮው ይሻላል" ብለው ገና ሳያዳምጡት ዘግተውታል፤ እኔ ግን ለጓደኞቼ ጆሮ ብዙም ግምት የለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ኮዬ ፈጬ ባለችው ኮንዶሚኒየሜ ቁጭ ብዬ ስፒከሩን ከፈትኩ። ወፍራሙ የቤዝ ጊታር ድምፅ ሲገባ ከጣሪያዬ በላይም አንድ ነገር አብሮ ገባ። ዱም፣ ዱም።

"ቀንስ" መባሌ ነው ብዬ ድምፁን ቀነስኩ። ዱምዱምታው ቆመ። መልሼ ስጨምር እሱም መልሶ ጀመረ። ዘገም ያለ ዘፈን ሲመጣ እሱም ዘገም አለ። ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። ከላይ የሚኖሩት ብቻቸውን ያሉ አሮጊት ናቸው፤ ደረጃ ላይ "እንደምን ዋሉ" ከማለት አልፈን አናውቅም። እሳቸው ፋንክ ወደዱ ማለት ነው? በሰፈሩ ስለ አልበሙ የማወራው ሰው አጥቼ ስለነበር ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሲሆን፣ አልበሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ሙዚቃውን እንደተከፈተ ትቼ ወደ ላይ ወጣሁ። በራቸው ገርበብ ብሏል። ወለሉ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሙቀጫ። እሳቸው ዘነዘናቸውን እንደያዙ ክው አሉ። ቤቱን የሞላው ሚጥሚጣ አስነጠሰኝ።

"የሕንፃው ኮሚቴ ልኮህ ነው?"

"ኧረ የታች ጎረቤትዎ ነኝ፣ እማማ። ሙዚቃውን ወደውት መስሎኝ ነው።"

ሳቁ። "ፎቅ ላይ መውቀጥ ክልክል ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል። አሁን ከሰሙኝ ሙቀጫውን ይወስዱታል። ይህን ተሸክሜ ታች ግቢ ወርጄ እንዳልወቅጥ ጉልበቴ እምቢ አለ። ያንተ ዘፈን ሲከፈት ምቱ ላይ ጣል ጣል አደርጋለሁ። ማን ይለየዋል?"

"ከሱቅ ቢገዙስ?"

"ልጄ ቃሊቲ ታስሯል። እሁድ እሁድ ምግብ በር ላይ አደርስለታለሁ፤ እሱን ግን አያገናኙኝም። አንድ ቀን የሱቅ ሚጥሚጣ ባደርግበት፣ 'እማዬ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?' ብሎ መልእክት ልኮ ሲጨነቅ ሰነበተ። ደህና መሆኔን የሚያውቀው በዚህ ነው።"

ይህን ሰምቼም ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም፤ "ለመሆኑ ሙዚቃው እንዴት ነው?" አልኳቸው።

አሰብ አደረጉ። "መጀመሪያ ላይ ያለው ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው። የመጨረሻው ግን ሳሳብኝ፤ ምንም አይሸፍንም።"

የመጨረሻው ሳክስፎን ብቻውን የሚናገርበት ነው፤ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው። ያን ጊዜ ከታች ያው ዘፈን ጀመረ። እሳቸው ዘነዘናውን አንስተው አየር ላይ ያዙት። ሚጥሚጣው ገና አልደቀቀም፤ ነገ ደግሞ እሁድ ነው።

ወርጄ ሳክስፎኑን አቋረጥኩትና አልበሙን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ቤዙ ገባ፤ እሳቸውም ገቡ። ድምፁን ጨመርኩ።