የማይጠይቅ ሰፈር

ከዲሮ የሚባለው ልጅ ዘጠኝ ዓመት በሞላው ዓመት ከበቆጂ በላይ ባለው ደጋ የተስቦ በሽታ ገባ። አባቱ በመስከረም ሞተ፣ እናቱ በጥቅምት ተከተለችው፣ ልጁም በዚያው ሰሞን ወደቀ። ጎረቤቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈሩ እንጂ። የገብስ ገንፎ በቅል አድርገው በረጅም እንጨት ከአጥሩ ወደ ውስጥ ይገፉለትና ዞረው ይሄዳሉ። እሱም በደረቱ ተስቦ ወጥቶ ይበላል፣ ተስቦ ተመልሶ ይተኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኖ ዳነ።

መዳኑ ሲሰማ አጎቱ መጣ። «ልጄ፣ ከብቶቹ እኔ ዘንድ ይቆዩልህ፤ ስታድግ ትወስዳቸዋለህ» ብሎ ነድቶ ሄደ። በበጋው ደግሞ ሁሉም በበሽታ አለቁ ብሎ ላከበት። ልጁ ግን አንድ ቀን በቆጂ ገበያ ላይ የእናቱን ቦቃ ላም የማያውቀው ነጋዴ በገመድ ሲስባት አየ። ላሟም አወቀችው መሰለው፤ ቆም ብላ ወደ እሱ ዞረች። አልጮኸም፣ ለማንም አልተናገረም። የአሰላን መንገድ ይዞ ሄደ።

አሰላ ላይ ሀጂ አብዶ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴና ባለቤታቸው ሀሊሜ ቤታቸው ወሰዱት። ልጅ አልነበራቸውም። ሀሊሜ ገላውን አጥባ ንጹሕ ሸማ ስታለብሰው፣ «ምን ልትወስጂብኝ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የያዝከው ቅማል ብቻ ነው፤ እሱንም ወስጄ አቃጥዬዋለሁ» አለችው በኦሮምኛ።

እሷ ዘንድ አደገ፣ ዘግይቶም ቢሆን ተማሪ ቤት ገባ፣ አማርኛውንም ጠንቅቆ ያዘ። ጠባዩ ግን ከዚያ ላም ወዲህ ቀና አላለም። ከግድግዳ ተደግፎ ካልሆነ አይቀመጥም። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ያሉት እንደሆነ «ለምን ፈለግከው?» ይላል። ጓደኞቹ ይሥቁበት ነበር፤ እሱ ግን ሳቃቸውንም ይመረምር ነበር።

ሁለት ዓመት በቆጂ አስተምሮ በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በሃያ ሰባት ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ስምንት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አልጋ ሰጡት። አልጋውን አየ፤ ሰባቱን ሰዎችም አየ። «በእንቅልፌ የምናገረውን ማን ይሰማል?» አለና ምስጋና አቅርቦ ወጣ። ዘመኑም እንደሱ ላለ ሰው የተመቸ አልነበረም። የታኅሣሡ ግርግር ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ወደ ኋላው እየተገላመጠ ነበር። ጆሮ ጠቢ የሚባለው የመንግሥት ሰላይ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር።

የአንደኛው ዓመት ተማሪ በፈተናው ከወደቀ ወደ መጣበት ይሸኛል። ከዲሮ ሥራውን ለቆ ነው የመጣው፤ ከወደቀ የሚመለስበት ወንበር የለውም። ስለዚህ ያለ ሥጋት ተቀምጦ የሚያነብበት ክፍል ማግኘት አለበት። ሰፈር መምረጥ ጀመረ። አንዱን ሰፈር በጧት፣ በቀትርና ወደ ማታ ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። ጉለሌን ተወው፤ አንዲት ሴት ከበሯ ላይ ሆና «እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ» አለችው፣ ሳታውቀው ልጄ የምትል ሴት አላማረችውም። የመርካቶን ዙሪያ ተወው፤ የአሰላ ነጋዴ በየማእዘኑ አለና መግባት መውጣቱ በሳምንቱ አሰላ ይደርሳል። ገዳም ሰፈርን ተወው፤ ውሻ የማይጮኽበት ግቢ አየና «ውሻውን ዝም ማለት ማን አስለመደው?» አለ።

በመጨረሻ እግሩ ሲዝል አፍንጮ በር ላይ ወይዘሮ አባይነሽ ከሚባሉ ባልቴት ቤት አንዲት ክፍል አገኘ። ንጹሕ ነች፣ መስኮቷ ወደ ግቢው ነው፣ ለትምህርት ቤቱም ቅርብ ነች። ሴትየዋ ግን ጥያቄ አበዙበት።

«አገርህ የት ነው?»

«አርሲ።»

«አርሲ ሰፊ ነው። የቱ ጋ?»

«አሰላ።»

«አሰላ ማን ዘንድ?»

«ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ?»

«የምጠይቅህ ቤቴን ልሰጥህ ነው እንጂ ልድርህ አይደለም። ዋስህስ ማን ነው?»

ዋስ አልነበረውም። ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ ክፍል አያገኝም። ሳይወድ በግዱ የሀጂ አብዶን ስምና የሱቃቸውን ቦታ ተናገረ። ሴትየዋ «ይሁን፣ ግባ፤ እኔ አጣራለሁ» አሉት። እንዴት እንደሚያጣሩ አልነገሩትም።

ከገባም በኋላ ጥያቄው አልቆመም። የት ዋልክ፣ ማን ሸኘህ፣ ለምን አልበላህም፣ ያ ደብዳቤ ከማን ነው። ዞር ብሎ በተመለሰ ቁጥር የልብስ ሳንዱቁ በጣት ስፋት ከቦታው የተነቃነቀ ይመስለዋል። በኋላ በሳንዱቁ እግር ሥር በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ምልክቱ አልተነካም። «ምልክቱን አይታ ሳንዱቁን መልሳው ነው» አለ።

በአምስተኛው ሳምንት በሀጂ አብዶ እጅ የተጻፈ የሀሊሜ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በኩል ደረሰው። «አንድ የአውቶቡስ ረዳት ሱቃችን ድረስ መጥቶ ዘመድህን፣ ጠባይህን፣ በሽታ ያለብህ እንደሆነም ጠየቀን። ማን እንደላከው አልነግር አለ። ምን አጠፋህ?» ይላል።

ከዲሮ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በአዲስ አበባ ከእሱ አፍ የሀጂ አብዶን ስም የሰሙት ወይዘሮ አባይነሽ ብቻ ናቸው። ጆሮ ጠቢዋ እሷ ነች። በማግስቱ ወይዘሮ አባይነሽ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የወሩን ኪራይ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሳንዱቁን ተሸክሞ ወጣ።

ካዛንቺስ ግድም ፍሰሐ የሚባል ሰውዬ ሰባት ክፍል ያከራይ ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ ቁልፍ ሰጠው፤ አለቀ።

«ስሜን አልጠየቅከኝም እኮ» አለው ከዲሮ።

«ስምህን ምን ላደርገው? ብሩ ላይ አልተጻፈ።»

ከዲሮ ደስ አለው። የፈለገው ይህን ነበር። በዚያ ግቢ ሰው ሰውን አይጠይቅም፤ በአገጭ ሰላምታ ተሰጣጥቶ በሩን ይዘጋል። ከጎኑ ያለው ተከራይ መነጽር ያደረገ ጸጥተኛ ሰው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ያስለዋል፣ ሌላ ድምፅ የለውም። ከዲሮ ሳይረበሽ አነበበ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። ባለ መነጽሩን መካከል አድርገው ወጡ፤ ከደጅ መኪና ተነሣ። በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር፣ የከዲሮም ጭምር። ቀትር ላይ ፍሰሐ የሰውዬውን ፍራሽ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ሰኞ በክፍሉ ሌላ ሰው ገባ።

ከዲሮ እንደ ልማዱ መጠየቅ ባይወድም ጠየቀ። «ያ ሰውዬ ምን ሆነ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ከጎኔ የነበረው ነዋ። ስሙ ማን ነበር?»

ፍሰሐ ዓይኑን ከሚቆጥረው ብር ላይ አላነሣም። «ያንተንስ ስም ጠይቄሃለሁ? የሱንም አልጠየቅሁም። ይልቅ አንተ ለምን ትጠይቃለህ?»

ያን ሰኞ ከዲሮ ክፍሉ ውስጥ መጽሐፍ ዘርግቶ አንድ ገጽ ሳይገልጥ ዋለ። ወሬ አቀባዩ ፍሰሐ ይሆን? አዲሱ ተከራይ ይሆን? ደግሞስ ነገ እሱን ቢወስዱት ፍራሹን ፍሰሐ ያሰጣል፤ አሰላ ግን ማን ወሬ ይልካል? ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ባሰበት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ ሀሊሜን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። አጠገቧ አቧራ የለበሰ ጎረምሳ እንደ ተያዘ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«አዴ ሀሊሜ!» አላት፤ በአሰላ ታላቅ ሴት የምትጠራው እንዲህ ነው። «ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«አንተ ምን ሆነህ ጠፋህ? ይኸው ረዳቱ፣ ሣህሌ ይባላል። አሰላ መናኸሪያ ላይ ክንዱን ይዤ፣ ‹ወደ ላከህ ሰው ውሰደኝ፣ አለዚያ አልለቅህም› አልኩት። የወይዘሮዋ የእህት ልጅ ነው። ትናንት ቤቷ ገባሁ፣ አንተ የለህም። እኔ ‹ልጄን የት አደረግሽው?› እላለሁ፣ እሷ ‹አንቺ ነሽ የደበቅሽው› ትላለች። ስንጣላ አመሸን። እዚያው አደርኩ።»

«ከእሷ ቤት? አዴ፣ ሴትየዋ ጆሮ ጠቢ ናት።»

«እኔም እንደዚያ ብያታለሁ። ምን እንዳለችኝ ከራሷ ስማ።»

አፍንጮ በር ሄዱ። ወይዘሮ አባይነሽ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«ከአንተ በፊት እዚያ ክፍል አንድ ተማሪ ነበር» አሉ። «ዝምተኛ ነው ብዬ ወደድኩት፤ ምንም አልጠየቅሁትም። ታመመና በአራት ቀን ሞተ። የአባቱን ስም እንኳ አላውቅም፤ ሰፈርተኛው አዋጥቶ ቀበረው። በሞተ በስምንት ወሩ አባቱ ከገጠር በእግሩ መጣ፣ በቅሎ እየጎተተ። ለልጁ ይዞለት የመጣውን ስንቅ ደጄ ላይ አራገፈ። ምን ልበለው? አንተ በምን አፍህ ትነግረው ነበር?»

ከዲሮ አላመነም። ውኃ ልጠጣ ብሎ ወጣና ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊውን ጠየቀ። ልብስ ሰፊው የሟቹን ተማሪ ከፈን የሰፋሁት እኔ ነኝ አለው። አሁንም አላመነም፤ ሁለት ቤት አልፎ ደግሞ ጠየቀ። ሲመለስ ሀሊሜ ፊቱን አየችና ለወይዘሮ አባይነሽ፣ «ጠይቆ መጣ። ነግሬሽ አልነበር?» አለቻት።

«ደግ አደረገ» አሉ ሴትየዋ። «አሁን ሳንዱቁን ያምጣ። ኪራዩ ግን እንደ በፊቱ አይደለም፤ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ኪሎ ሥጋ አስገዝቶኛል ያንቺ መምጣት።»

ሣህሌ አብሮት ካዛንቺስ ሄዶ ሳንዱቁን ተሸክሞለት መጣ። ከዲሮ በዚያች ክፍል አራት ዓመት ተቀመጠ፣ ፈተናውንም አለፈ። ወይዘሮ አባይነሽ አራቱንም ዓመት ሲጠይቁት ኖሩ። እሱም አራቱንም ዓመት ከመመለሱ በፊት «ለምን?» አላቸው።

ዛሬ አቶ ከዲሮ አሰላ ላይ ያረጁ አስተማሪ ናቸው። ልጁን አዲስ አበባ የሚልክ ሁሉ የቱ ሰፈር ይሻለዋል ብሎ ይጠይቃቸዋል። እኛ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውም አንድ ቀን በሕይወትዎ ካዩት ሁሉ የሚበልጥብዎት ምኑ ነው አልናቸው። ለምን እንደጠየቅናቸው ካረጋገጡ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«እኔ እስከ ዛሬ ሰው ቶሎ አላምንም፤ ይህ ጠባዬ አልተለወጠም፣ አይለወጥምም። ዲግሪውም ጥሩ ነው፣ እንጀራ አብልቶኛል። የሚበልጥብኝ ግን ሀሊሜ ያን ቀን አውቶቡስ መሳፈሯ ነው። ከአሰላ ወጥታ አታውቅም፣ አማርኛዋም የገበያ ነበር፣ መኪና ያስታውካታል። አንድ ሰው ስለ እኔ ጠየቀ ብላ ብቻ መጣች። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አላውቅም።»