ያለ ሁለቱ ፊርማ

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ሰው ነበር፤ የታናሽ እህቷን ባል። ሠፈርተኛው «አቶ ነገ» ይለዋል፤ ሥራ ፈልግ ቢሉት ነገ፣ ጣራህን ጠግን ቢሉት ነገ። ነገ የማይለው ለመጠጥና ለዱላ ብቻ ነው። ታናሿ ዓይኗ አብጦ በመጣች ቁጥር «እትዬ፣ በር መታኝ» ትላታለች። ምን ያለ በር ነው እባካችሁ፣ በየሳምንቱ የሚማታ?

እናታቸው ሲሞቱ ባለሁለት ክፍሉ ቤት ለሁለቱ እህትማማቾች በጋራ ደረሳቸው። ትልቋ ውላ አላደረችም። ይሄ ሰውዬ እህቴን አስፈራርቶ ድርሻዋን ያሸጣታል ብላ፣ ታናሿን እጇን ይዛ ንብረት ምዝገባ ቢሮ ሄደችና ካርታው ላይ እገዳ አስጻፈች። ሁለቱም ባለቤቶች ካልፈረሙ ቤቱ አይሸጥም፣ አይከፈልም፣ በመያዣነት አይሰጥም። ያን ቀን ስትስቅ ዋለች።

«እንግዲህ እርር ድብን ይበል!» አለች።

አንደኛውን ክፍል ደግሞ ለታናሿ መሸሻ አዘጋጀችው። አልጋ አነጠፈች፣ መጋረጃ ሰፍታ ሰቀለች። ታናሿ ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ ስትል ከባሏ ዘንድ ሳትወጣ ሞተች። ከደረጃ ወድቃ ነው ተባለ። ደረጃውም እንደ በሩ መሆኑ ነው። ያየ የለም፣ የጠየቀም የለም።

ልጅ አልነበራትም፤ ባሏ ግን ያስፈረማትን ኑዛዜ አወጣ። ስለዚህ ድርሻዋ ለባሏ ተላለፈ፤ የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጥቶ እዚያች አልጋ ላይ ተጋደመ። እህቷ በሕይወት ሳለች ልብስ ሰፊዋን «እርስዎ» ነበር የሚላት። አሁን «አንቺ» ሆነች።

ድርሻዬን ሸጬ አንድ ጥግ እከራያለሁ ብላ ወደ ቢሮው ሮጠች። እገዳው ከእህቷ ጋር የተቀበረ መስሏት ነበር። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው፣ ረጋ ብሎ አስረዳት። እገዳው የተጻፈው በቤቱ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ በሟች ቦታ ወራሹ ገብቷል፣ እሱ ካልፈረመ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ያለዚያ ፍርድ ቤት ነው፣ እሱም ዓመታት ይፈጃል።

«ለመሆኑ ይህን ያስጻፈው ማነው?» አላት።

«እኔ» አለች።

ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማሰው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ። እሷስ በእጇ ነው የማሰችው፣ ለዚያውም ለእህቷ ብላ። ማታ ማታ በግድግዳው ማዶ ሳሉን እየሰማች በሯን በወንበር ትደግፋለች። ፈርምልኝና ልሂድልህ ብላ ስንቴ ለመነችው። እንቢ አይላትም፤ ነገ እፈርማለሁ ይላል።

አንድ ጠዋት ስፌት ላይ ሳለች ገባና ቀሚስ መኪናዋ ላይ ጣለ። ወዲያው አወቀችው፤ ለታናሿ የሰፋችላት ነው። አዲስ ሚስት ሊያመጣ ነው ለካ።

«ሴትዮዋ ሞላ ትላለች፤ ሰፋ አድርጊው» አላት።

ቀሚሱን ገለበጠችው። ወገቡ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ትወልዳለች፣ ደልቷት ትወፍራለች ብላ በገዛ እጇ የተወችው ነው።

«ይሰፋል?» አላት።

«ይሰፋል» አለችና መቀሷን አነሳች። «ለመቼ ይድረስ?»

«ለዛሬ» አላት አቶ ነገ።