ለኢሎና እናት የተፈተለ ጋቢ

ሀብትነሽ ምስጢር አይበረክትላትም ነበር። የሞጣ ሴቶች «ለሷ ከምትነግሪ ገበያ መሐል ቆመሽ ጩኺ» ይሏታል፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ክረምቱን ሙሉ ሞት የሚያህል ነገር በሆዷ ይዛ የከረመችው። ያውም የደበቀችው ከልብ ወዳጇ ከኢሎና ነበር።

ኢሎና የሃንጋሪ ሰው ናት። በአገሯ በትልቅ ቲያትር ቤት ባሌት ትደንስ ነበር። የሩሲያ ታንክ ከተማዋን ሲሞላው ከሐኪም ባሏ ጋር ድንበር አቋርጣ ሸሸች፤ ባልየው እዚህ አገር ሥራ አገኘና ሞጣ ጤና ጣቢያ ተመደበ። ብዙም ሳይቆይ ተስቦ ከበሽተኞቹ ተጋባበትና ሞተ፤ እዚያው ሞጣ ተቀበረ። እሷስ ወዴት ትሂድ? አገሯ ብትመለስ የሚጠብቃት እስር ቤት ነው። በዚያው ጤና ጣቢያ ቁስል እያጠበች ቀረች።

ሀብትነሽ ጎረቤቷ ናት፤ የቢቸና ልጅ፣ ባሏን ፈትታ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር። መጀመሪያ የተዋወቁ ለት ኢሎና የጓሮ አጥሯን ይዛ በእግሯ ጣት ጫፍ ቆማ ነበር።

«ውይ በሞትኩት! እሾህ ወጋሽ?» አለች ሀብትነሽ እየሮጠች።

«እየደነስኩ ነው» አለች ኢሎና።

«ይሄ? ትከሻሽ ንቅንቅ ሳይል?»

ኢሎና ትከሻዋን ልታንቀጠቅጥ ሞከረች፤ ሀብትነሽ በጣቷ ጫፍ ልትቆም ሞከረችና ጎመን መደቡ ላይ ተዘረጋች። እንዲህ ስቀው ነው የተዋደዱት።

ዝናብ ሲይዛቸው ኢሎና የአገሯን ታወራለች። ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍለው ወንዝ፣ በተለይ ደግሞ ስለ እናቷ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ የዳንስ ጫማዋን ሪባን የምትሰፋላት እሷ ነበረች። ድሃ ስለሆነች ቲያትር ቤቱ ውስጥ የምትቀመጠው ጣሪያው ሥር፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ታስላለች። ልጅቷ ሳሏን ትለየዋለች፤ «እናቴ አለች» ብላ መደነስ ትጀምራለች።

አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች።

«ሀብቴ፣ በሕልሜ እናቴ በአማርኛ ታናግረኛለች። ድምፅዋ ሊጠፋብኝ ነው።»

ሀብትነሽ አቅፋት አብራት አለቀሰች።

በዚያ ዓመት የኢሎና አገር ለሸሹት ሰዎች ምሕረት አወጀ። ወሬው ሞጣ ሲደርስ ኢሎና በባዶ እግሯ አጥሩን ዘላ መጣች፤ «አገሬ ማረችኝ! እናቴን ላያት ነው!» እያለች። ዳሩ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ እስከ መስቀል መኪና የለም። ያንን ጊዜ እንዴት ትግፋው? ለእናቷ ጋቢ ልታሠራ ቆረጠች። «ብርድ ላይ ናት። አንቺ ፍተይው፣ ጋሼ ይማም ይሸምነው፤ ቀይ ጥለት ይኑረው። ቀይ ትወዳለች።»

ሐምሌ ላይ ባዘዘው የተባለው የጤና ጣቢያው ድሬሰር መድኃኒት ሊያመጣ በበቅሎ ቢቸና ወረደ። ሲመለስ ወደ ኢሎና አልሄደም፤ ውኃ እያንጠባጠበ ሀብትነሽ ቤት ገባ።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ የሚኖር የኢሎና አገር ሰው ቢቸና ጤና ጣቢያ ስልክ ደውሎ እኔን አገኘኝ። እናቷ ሞታለች። እንድነግራት አደራ ብሎኛል።»

«ነገርካት?»

«አፌ እንቢ አለኝ።»

«እሰይ! እንዳትነግራት!»

አሁን ይህን የሰማ ሰው በሀብትነሽ ይፈርድባት ይሆናል። ግን የእሷንም እወቁላት። የራሷ እናት ቢቸና ስትሞት ጎረቤት ቀኑን መርጦ፣ ማታ እህል አብልቷት፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ነው መርዶውን የነገራት። ስትወድቅ የያዛት እጅ ነበር። «በዚህ ጭቃ፣ መሄጃ በሌላት ሰዓት፣ እንዴት በድንገት ይነገራታል? ወገን እንደሌላት?» አለች። ሸማኔው ይማምም ተጠራና ሦስቱ መከሩ፤ መንገዱ ሲከፈት፣ በመስቀል ማግስት፣ በወግ መርዶዋን ትረዳ ተባለ።

ወይ ጉድ! መደበቁ እንዲህ መሆኑን ማን ያውቃል! ኢሎና በየቀኑ መጥታ ጥጡን እየዳመጠች አጠገቧ ትቀመጣለች።

«ትወደዋለች፣ አይደል?»

«እንዴት አትወደው» ትላለች ሀብትነሽ፤ ፈትሉ እጇ ላይ ይበጠሳል። ትቀጥለዋለች፤ ደግሞ ይበጠሳል። «ዓይኔ ደከመ» ትላለች። ስንት ጊዜ ልትነግራት አፏን ከፈተች! የዚያችን ሴት ሳቅ ስታይ መልሳ ትዘጋዋለች። ድሩን ለይማም ስትሰጠው ሽማግሌው ፊቱን አዞረ። «ሀብትነሽ፣ እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም» አለ። ግን ሸመነው፤ ቀይ ጥለቱንም አሳምሮ አገባበት።

የመስቀል ማግስት ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ኢሎና ደጅ ቆመ። እሷ ሻንጣዋን አሥራ ነበር፤ ጭነት መኪናው ከሰዓት በኋላ ወደ ቢቸና ይወርዳል። ሊሸኟት የመጡ መስሏት ፈገግ አለች። ኋላ የነጠላውን አለባበስ አየች። እዚህ አገር ኖራለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«ማን?» አለች።

ባዘዘው ነገራት። ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ፤ እሷ ግን አልወደቀችም። ቀጥ ብላ እንደቆመች ሀብትነሽን ተመለከተቻት።

«መቼ?»

«ሐምሌ።»

«ጋቢውን ስትፈትይ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ስስቅ፣ አንቺ ታውቂ ነበር።»

ሰንበሌጥና አጎዛ ተነጥፎ ለቅሶው ተጀመረ። በወጉ የሟች ልብስ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ከኢሎና እናት ግን ሞጣ ውስጥ አንዲት ክር እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ያልለበሰችውን ጋቢ አምጥተው ዘረጉት። ከዚያ ሀብትነሽ ተነሣች። ደረቷን እየመታች፣ በየዝናቡ የሰማችውን ሁሉ አወጣችው፤ ሪባን የምትሰፋዋን፣ ቀይ የምትወደውን፣ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብላ «አለሁልሽ» ለማለት የምትስለዋን። ሞጣ የማያውቃትን ሴት በአንድ ድምፅ አለቀሰላት።

ኢሎና የእናቷ ሳል ሲነሣ ነው የተሰበረችው። ጫማዋን ጥላ ወደ መሐል ገባች፤ በጭቃው ላይ በጣቶቿ ጫፍ ቆመች፤ እጆቿ ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ከአጥሩ ለት ወዲህ እንዲህ ስትሆን ያያት የለም። ያን ለት ማንም አልሳቀም። ሙሾው እስኪያልቅ ጋቢውን ዞረችው፤ ከዚያ ላዩ ላይ ተደፍታ ጮኸች። የያዛት የሀብትነሽ እጅ ነበር፤ አልገፋችውም፣ አልጨበጠችውምም።

ከሰዓት በኋላ መኪናው መጣ።

«ቅሪ፤ ማን አለሽ ከእንግዲህ?» አለች ሀብትነሽ ሻንጣዋን ይዛ።

«መቃብሯን ልየው። እዚህ ሆኜ አገሬን አለቀስኩ፤ እዚያ ስደርስ ደግሞ እናንተን ማልቀሴ አይቀርም።» መኪናው ላይ ወጣች። ጋቢውን ለብሳዋለች፤ ቀዩ ጥለት በኀዘንተኛ ወግ አንገቷ ሥር ነው። ከላይ ሆና ጎንበስ አለች።

«ሀብቴ፣ እዚያ ብሞት ማን መርዶዬን ያረዳሻል?»

ሀብትነሽ እጇን ስትዘረጋላት መኪናው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ ደጇን ያንኳኳ ሰው ሁሉ፣ እሳት ልበደር ብሎ የመጣም ቢሆን፣ ከውስጥ የሚሰማው አንድ ጥያቄ ነበር። «ኢሎና ናት? እንዳትደብቁኝ» ትላለች።